«ጥፋተኛ» የሚለው ቃል ሲበዛበት፦ ስለ እንግሊዝኛ የወቀሳ ቃላትና ስለ ትርጉም ሥራችን

ተውኔትም ሆነ ልብ ወለድ ውሎ አድሮ ተመልካቹንና አንባቢውን ለፍርድ ያስቀምጠዋል። መጋረጃው ተዘግቶ ሰው ወደየቤቱ ሲያመራ በልቡ የሚያብላላው ጥያቄ «ምን ሆነ?» ከሚለው አልፎ «በማን ጥፋት ሆነ?» ወደሚለው ይሸጋገራል። ደራሲው ለዚህ ጥያቄ መልሱን የሚያዘጋጀው በሴራው አወቃቀርና በገጸ ባሕርያቱ ድርጊት ነው፤ በሚመርጣቸው ቃላትም ነው። አንዱን ወንጀለኛ፣ ሌላውን ተወቃሽ፣ ሦስተኛውን ባለዕዳ አድርጎ የሚያቆመው ቃል ነውና። ስለሆነም አንድን የባዕድ ድርሰት ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሁሉ አብልጦ ሊጠነቀቅባቸው ከሚገቡ ቃላት መካከል የወቀሳ ቃላት በግንባር ቀደምትነት ይሰለፋሉ።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚመለሱ ጽሑፎች ላይ ግን አንድ የሰነበተ ልማድ ይታያል። በምንጩ ጽሑፍ ውስጥ «ጊልቲ»፣ «ከልፐብል»፣ «ብሌምወርዚ»፣ «አት ፎልት» እየተባሉ በየሥፍራቸው የተሰደሩት ቃላት አማርኛው ላይ ሲደርሱ በአብዛኛው «ጥፋተኛ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀለላሉ። ቃላቱ የአንድ ሐሳብ ልዩ ልዩ መጠሪያዎች ቢሆኑ ኖሮ ጉዳቱ ከቃላት ለዛ ባላለፈ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል የሚመልሰው ጥያቄ የተለየ ነው። ጥያቄዎቹ ሲደባለቁ ፍርዱም ይደባለቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄዎቹን ለይቶ ማሳየት፣ በሁለት ታላላቅ ድርሰቶች መፈተን፣ በመጨረሻም አማርኛ ለዚህ ሥራ ያለውን አቅም ማመልከት ነው።

አምስት ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ «ነገሩ የተበላሸው በማን በኩል ነው?» የሚል ነው። ለዚህ እንግሊዝኛ «ፎልት» የሚል ቃል አለው። ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን መነሻው መጉደልንና መሳትን ያመለክታል። ዛሬም የምድር ቅርፊት ስንጥቅ በዚሁ ስም ይጠራል። የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች የመነሻውን ኳስ ከተፈቀደው ክልል ውጭ ሲያሳርፍ የሚነገርበት ቃል ይኸው ነው፤ ለሞተር ብልሽትም ያገለግላል። በድሮው የአደን ቋንቋ «አት ፎልት» ነው የሚባለው የአውሬው ሽታ የጠፋበት ውሻ ነበር። እንግዲህ ቃሉ በመሠረቱ ልብን አይመረምርም፤ ጉድለቱ በየት በኩል እንዳለ ይጠቁማል። ሌላውን መኪና ከኋላ የገጨ ሹፌር «አት ፎልት» ነው ሲባል ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ፈጽሟል ወይስ አልፈጸመም?» የሚል ነው። የዚህ ቃሉ «ጊልቲ» ሲሆን፣ ፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝ ከመግባቱ በፊት የነበረ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በእንግሊዝ የወንጀል ችሎት ከሕዝብ የተውጣጡት ፈራጆች ሲጠየቁ መልሳቸው ነው ወይም አይደለም ነው፤ «በመጠኑ» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ቃሉ የተቆረጠ ፍርድን ይይዛል። ይሁን እንጂ ከችሎት ውጭ ሌላ ኑሮም አለው። ሰው ማንም ሳይከሰው በገዛ ልቡ «ጊልቲ» ይሰማዋል። ያን ጊዜ ቃሉ የኅሊና ክስን እንጂ የዳኛ ፍርድን አያመለክትም። ተርጓሚው ሁለቱን በአንድ «ጥፋተኛ» ቢያልፋቸው፣ በኅሊናው የሚሰቃየውን ንጹሕ ሰው ወንጀለኛ ሊያደርገው ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ «በምን ልብ አደረገው?» የሚል ነው። «ከልፐብል» የተባለው ቃል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ምንጩ የላቲኑ «ኩልፓ» ሲሆን፣ የጥፋቱን ክብደት ከአድራጊው ዕውቀት፣ ፈቃድና ጥንቃቄ አንፃር ይመዝናል። ይህ ቃል ከ«ጊልቲ» የሚለየው መጠን የሚቀበል በመሆኑ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የቅጣት አወሳሰን ሕግ ፍርድ ቤቱ የወንጀሉን ክብደት ሲመዝን ሁለት ነገር እንዲመለከት ያዛል፤ አንዱ የደረሰው ጉዳት፣ ሌላው የአድራጊው «ከልፐብል» መሆን ደረጃ ነው። «ጊልቲ» የተባለው ሰው ሁሉ እኩል «ከልፐብል» አይደለም ማለት ነው። በስኮትላንድም ታስቦ ከሚፈጸም ነፍስ ግድያ ዝቅ ያለው የሰው መግደል ወንጀል የሚጠራው ይህንኑ ቃል በመጨመር ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጆን ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ማመካኛዎች ባሰማው ንግግር ያነሣው ምሳሌ ለእኛም አገር ሰው የሚጥም ነው። የእኔም የአንተም አህዮች በአንድ መስክ ይግጣሉ። የራሴን አህያ ጠልቼ ልገድላት አነጣጥሬ ተኮስኩ፤ ቀርቤ ሳይ የወደቀችው ያንተ ናት። በሌላ ቀን እንዲሁ ወደ ራሴ አህያ ስተኩስ እንስሳቱ ቦታ ተለዋወጡና ያንተዋ ተመታች። በሁለቱም ቀን አህያህ ሞታለች፤ ተኳሹም እኔ ነኝ። ነገር ግን የመጀመሪያው በስሕተት፣ ሁለተኛው በድንገት የደረሰ ነው። ጉዳቱ አንድ ሆኖ ሳለ በደሉ አንድ አይሆንም። «በስሕተት» እና «በድንገት» የሚሉትን ቃላት አማርኛ ከማንም ሳይበደር በእጁ እንደያዛቸው ልብ ይሏል።

አራተኛው ጥያቄ «ወቃሹ ማን ነው?» የሚል ነው። «ብሌም» የሚለው ቃል በጥንታዊ ፈረንሳይኛና በላቲን በኩል ወደ ግሪክ ሲከተሉት የሚደርሰው በአማልክት ላይ ክፉ መናገርን ወደሚያመለክተው ቃል ነው። ስድበ መለኮትና ወቀሳ በእንግሊዝኛ ከአንድ ሥር የበቀሉ ወንድማማች ቃላት ናቸው። ይህም ወቀሳ በመነሻው የአንደበት ሥራ መሆኑን ያስታውሰናል። «ብሌምወርዚ» ሲባል ሌላው ሰው አፉን ከፍቶ ሊናገርበት የተገባው ማለት ነው። «ሴንሹር» ደግሞ ዜጎችን ይቆጥርና ምግባራቸውን ይቆጣጠር ከነበረው የጥንቷ ሮም ሹም ስም የተወሰደ ነው። ሹሙ ያን ሰው ከክብሩ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ እንደ ወንጀል ዳኛ አይፈርድበትም ነበር። ዛሬም «ሴንሹር» የሚያደርገው ምክር ቤት፣ ማኅበር፣ ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1954 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በጆሴፍ ማካርቲ ላይ በ67 ድምፅ በ22 ተቃውሞ ውሳኔ ባሳለፈ ጊዜ፣ በመጨረሻው ቃል ላይ የገባው «ሴንሹር» ሳይሆን ማውገዝን የሚገልጸው ሌላ ቃል ነበር። በዚህም የተነሣ የማካርቲ ደጋፊዎች «ይህ ሴንሹር አይባልም» ብለው ለመከራከር ቀዳዳ አግኝተዋል። አንድ ቃል የአንድን ፖለቲከኛ የታሪክ መዝገብ እስከማከራከር ሊደርስ ይችላል።

በዚህ ምድብ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሌላ ቃል «ሬፕሪሄንሲብል» ነው። መነሻው ይዞ ወደ ኋላ መመለስን የሚያመለክት የላቲን ግሥ ነው። ይህ ቃል ከሰውየው ይልቅ ለድርጊቱ ይስማማል። ድርጊቱ «ሬፕሪሄንሲብል» ሆኖ ሳለ አድራጊው ሕፃን ወይም አእምሮው የታመመ በመሆኑ «ከልፐብል» ላይሆን ይችላል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ጥያቄ «መልስ የሚሰጠው፣ ዕዳውን የሚከፍለውስ ማን ነው?» የሚል ነው። «ሪስፖንሲብል» ከመመለስ፣ «አካውንተብል» ሒሳብ ከማቅረብ፣ «ላየብል» ደግሞ እንደሚገመተው ከመታሰር የመጡ ቃላት ናቸው። እነዚህ ጥፋት ባይኖርም ሊጸኑ ይችላሉ። «ያባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው የአገራችን ተረት የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ልጁ አልበደለም፣ ግን ይከፍላል። በጀርመንኛ ጥፋትም ዕዳም «ሹልድ» በሚባል አንድ ቃል መጠራታቸው ሁለቱ ሐሳቦች ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚኖሩ ያሳያል። ተቀራረቡ ማለት ግን አንድ ሆኑ ማለት አይደለም።

ኦቴሎ፦ አንድ መሐረብ፣ አምስት ፍርድ

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለመፈተን ከሼክስፒር «ኦቴሎ» የተሻለ መድረክ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1604 በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት መታየቱ የተመዘገበው ይህ ተውኔት፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም አማርኛ ከተናገረ ወዲህ ለእኛም ተመልካች እንግዳ አይደለም።

በመጨረሻው ትዕይንት ዴዝዴሞና በአልጋዋ ላይ ሞታ ስትገኝ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች አንድ ስም ብቻ ሊጠራ አይቻለውም። ካሲዮ በዘበኝነቱ ሌሊት ሰክሮ ጠብ በማንሣቱ ከሹመቱ ተሽሯል። የመከራው ሰንሰለት የሚያልፈው በእርሱ ድክመት በኩል ነው። እንግዲህ ካሲዮ «አት ፎልት» ነው፤ ስለ ዴዝዴሞና ሞት ግን «ጊልቲ» ሊባል ከቶ አይገባም። ኤሚሊያ የእመቤቷን የወደቀ መሐረብ አንሥታ ለባሏ ሰጥታለች። ለምን እንደፈለገው አታውቅም፤ ነገር ግን እመቤቷ ተጨንቃ ስትጠይቅ አላየሁም ብላ ካደች። የኤሚሊያ «ከልፐብል» መሆን የሚጀምረው መሐረቡን ባነሣችበት ሰዓት ሳይሆን፣ ጭንቀቱን እያየች ዝም ባለችበት ሰዓት ነው። በፍጻሜው እውነቱን አውጥታ በባሏ እጅ ስትገደል ደግሞ ያንን ዝምታ በሕይወቷ ትመልሳለች።

ኦቴሎ ራሱ በገዛ እጁ ገድሏል፤ ስለዚህ «ጊልቲ» ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የተውኔቱ ሕመም ያለው ግን በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ተታሏል፤ ሆኖም መሐረብን ያህል ቀላል ማስረጃ አምኖ፣ ተከሳሿ እንድትከራከር ፋታ ሳይሰጥ ፈርዷል። ዳኛም ነፍሰ ገዳይም በአንድ ጊዜ ሆኗል። ሐያስያን ለዘመናት ሲከራከሩበት የኖሩት «ገድሏል ወይ?» በሚለው ላይ ሳይሆን መታለሉ ምን ያህል ከወቀሳ ያድነዋል በሚለው ላይ ነው። አማርኛው «ኦቴሎ ጥፋተኛ ነው» ብሎ ከቆመ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ዘጋው ማለት ነው።

ዴዝዴሞና በሞት አፋፍ ላይ ሆና ያደረሰባት ሰው እንደሌለና ሁሉም በራሷ እንደሆነ ትናገራለች። ቃሏ እውነት አይደለም፤ ነገር ግን በጽድቅ የተነገረ ሐሰት ነው። ያላደረገችውን ጥፋት በፈቃዷ ትሸከማለች። ኢያጎ ደግሞ ተቃራኒዋ ነው። በሁሉም መለኪያ ወንጀለኛ ሆኖ ሳለ፣ ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ ከእንግዲህ ቃል አልተነፍስም ብሎ አፉን ይዘጋል። ንጽሕቲቱ መልስ ሰጥታ ትሞታለች፤ ወንጀለኛው መልስ ነፍጎ በሕይወት ይቆያል። ሼክስፒር በ«ጊልቲ» እና በ«ሪስፖንሲብል» መካከል ያለውን ርቀት ከዚህ ይበልጥ ባላሳየ ነበር።

እዚህ ላይ ለተርጓሚ የተሰወረች አንዲት ወጥመድ አለች። ከቬኒስ የመጣው ሎዶቪኮ በመዝጊያው ንግግሩ የኢያጎን «ሴንሹር» ለቆጵሮስ አዲስ ገዥ ለካሲዮ ይተውለታል። የዛሬውን መዝገበ ቃላት ብቻ የያዘ ሰው ይህን «ነቀፋ» ወይም «ተግሣጽ» ብሎ ይመልሰዋል። ያን ያህል ደም ያፈሰሰ ወንጀለኛ በተግሣጽ ሊታለፍ ነው ማለት ይሆናል! በሼክስፒር ዘመን ግን ቃሉ ፍርድ መስጠትን ያመለክት ነበር። ቃሉ ዕድሜውን ሲኖር ክብደቱን ጥሏል። ስለዚህ የወቀሳ ቃል የሚመዘነው በጽሑፉ ዘመን ሚዛን እንጂ በተርጓሚው ዘመን ሚዛን መሆን የለበትም።

«ጄዳ» እና «ፓትና»፦ ከባሕር የወጣ ጥያቄ

ሁለተኛው መፈተኛችን ጆሴፍ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1900 በመጽሐፍ ያሳተመው «ሎርድ ጂም» ነው። ኮንራድ ፖላንዳዊ ነበር፤ እንግሊዝኛም ከፖሊሽና ከፈረንሳይኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋው ነበር። የወቀሳ ቃላትን በጥንቃቄ ይመዝን የነበረው ምናልባት በልጅነቱ በአፉ ስላልሟሟለት ይሆናል።

የልብ ወለዱ መነሻ በእኛ ቀጠና ደጃፍ የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 «ጄዳ» የተባለች መርከብ ከ900 በላይ የሐጅ ተጓዦችን ጭና ከሲንጋፖር ወደ ጅዳ ስትጓዝ በማዕበል ተጎዳች። በኦገስት ወር በጓርዳፉይ ርእሰ ምድር አቅራቢያ አዛዡና አውሮፓውያን መኮንኖቹ ተጓዦቹን ጥለው በጀልባ ወረዱ። ሌላ መርከብ አንሥታቸው ኤደን ሲደርሱ «ጄዳ» ሰጠመች ብለው ተናገሩ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ «አንቴኖር» የተባለች መርከብ «ጄዳ»ን ከነተጓዦቿ እየጎተተች እዚያው ኤደን ወደብ አስገባቻት! የመርማሪው ችሎት በአዛዡ ላይ የወሰነው ቅጣት የሙያ ፈቃዱን ለ3 ዓመት ማገድ ነበር። በዋናው ረዳት ላይ ደግሞ ብርቱ ተግሣጽ ተሰጠ።

ኮንራድ ይህን ይዞ ነው የተነሣው። በድርሰቱ ውስጥ መርከቧ «ፓትና» ናት፤ ተጓዦቹ 800 ናቸው፤ ወጣቱ ጂምም ዋና ረዳት ነው። ከዘለሉት መካከል ቀርቦ ምርመራውን የሚቀበለው እርሱ ብቻ ነው፤ ፈቃዱም ይሰረዛል። ለችሎቱ ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ። ለተራኪው ለማርሎ ግን ገና ጀመረ። ጂም ዘልሏል፤ ፈጽሟል። በምን ልብ ዘለለ? ፈርቶ ነው ወይስ እግሩ ከፈቃዱ ቀድሞ? ሌሎቹ ሸሽተው ሲያመልጡ እርሱ ብቻ መቅረቡስ ጥፋቱን ያቃልላል ወይ? መጽሐፉ ከዚህ በኋላ የሚሄደው በ«ከልፐብል» ጥያቄ ላይ ነው።

ፍጻሜው ጥያቄውን ይገለብጠዋል። ጂም ፓቱሳን በተባለ ሩቅ አገር የሕዝቡን አመኔታ ካገኘ በኋላ፣ ወንበዴው ብራውን በሰላም እንዲወጣ ይለመናል፤ ጂምም በራሱ ሕይወት ዋስ ሆኖ ያስፈቅዳል። ብራውን ግን ከድቶ የአገሩን አለቃ የዶራሚንን ልጅ ይገድላል። በዚህ ደም ጂም «ጊልቲ» አይደለም፤ ቢበዛ የዋህ ነበር ያሰኘዋል። ሆኖም መሸሽ እየቻለ ባዶ እጁን ወደ አባትየው ቀርቦ በጥይት ይሞታል። በመጀመሪያው ጥፋቱ መልስ ሊሰጥ ያልቻለ ሰው፣ ጥፋቱ ባልሆነው ነገር መልስ ሰጠ። «ሪስፖንሲብል» የሚለው ቃል በላቲን መነሻው ቃል መግባትን፣ መያዣ መስጠትን ያዘለ መሆኑን ያወቀ አንባቢ፣ የአማርኛው «ዋስ» ምን ያህል እንደሚስማማው ወዲያው ይረዳል። ዋስ የሚከፍለው ስለበደለ ሳይሆን ቃል ስለገባ ነው። ይህን የጂም መጨረሻ «ጥፋተኛነቱን አምኖ ሞተ» ብሎ የሚመልስ ትርጉም ድርሰቱን ገድሎታል።

አማርኛ ምን ይዟል?

አንዳንዶች «አማርኛ ለእነዚህ ረቂቅ ልዩነቶች ቃል የለውም» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ ክስ ያለ ቦታው የተሰነዘረ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው። ቋንቋው ከእንግሊዝኛው በተለየ መንገድ፣ በቃል ብዛት ብቻ ሳይሆን በግሥ እርባታ፣ ልዩነቱን ይከፍላል።

አንደኛው መንገድ በ«ኛ» የሚያልቁት ናቸው፤ ጥፋተኛ፣ በደለኛ፣ ወንጀለኛ፣ ነውረኛ። እነዚህ ነገሩን በሰውየው ላይ እንደ ጠባይ ይለጥፉበታል። ሁለተኛው መንገድ በ«ተ» የሚጀምሩት ናቸው፤ ተወቃሽ፣ ተከሳሽ፣ ተጠያቂ፣ ተነቃፊ። እነዚህ ስለ ሰውየው ባሕርይ ምንም አይሉም፤ ሌላው በእርሱ ላይ ያለውን ሥራ፣ መውቀሱን፣ መክሰሱን፣ መጠየቁን ይናገራሉ። እንግሊዝኛው በ«ሪስፖንሲብል» መላሹን ሲያይ፣ አማርኛው በ«ተጠያቂ» ጠያቂውን ያያል። ሦስተኛው መንገድ ደግሞ የሚያስወቅስ፣ የሚያስነቅፍ፣ የሚያስጠይቅ፣ የሚያስቀጣ የሚለው ነው። ይህ ድርጊቱን ከአድራጊው ይለየዋል። እንግሊዝኛ «ሬፕሪሄንሲብል» እና «ከልፐብል» በሚሉ ሁለት ባዕድ ሥሮች የለየውን፣ አማርኛ ከአንድ ሥር «የሚያስወቅስ» እና «ተወቃሽ» ብሎ ይለየዋል።

ግሦቹም እንዲሁ በደረጃና በዝምድና ይለያያሉ። ወዳጅ ይወቅሳል፤ ታላቅ ይገሥጻል፤ ሐያሲ ይነቅፋል፤ ባለጋራ ይከሳል፤ ጉባኤ ያወግዛል፤ ዳኛ ይፈርዳል። በሁሉም ፋንታ «ተቸ» ወይም «ኮነነ» ብሎ የሚያልፍ ጽሑፍ ተናጋሪውን ያጠፋዋል።

የሕግ ሰዎቻችን ይህን ሥራ ቀደም ብለው ጀምረውታል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በእርሱም እግር ተተክቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ በ57ኛው አንቀጻቸው ሰው የሚቀጣው ለሥራው ኃላፊ መሆን የሚችል ሆኖ አስቦ ወይም በቸልተኝነት ሲያጠፋ መሆኑን ይደነግጋሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ጥፋት ሳይኖር የሚመጣ ኃላፊነት እንዳለ በ2027ኛው አንቀጽ ለይቶ አስፍሯል። የሁለቱ ቀደምት ሕጎች ረቂቆች የተዘጋጁት በፈረንሳይኛ ነበር። ተርጓሚዎቹ ሐሳብ፣ ቸልተኝነት፣ ጥፋት፣ ኃላፊነት የሚሉትን በየፊናቸው ባያስቀምጧቸው ኖሮ በእነዚህ ቃላት የሰው ነፃነትና ንብረት ሊዳኝ ባልቻለ ነበር። ሥነ ጽሑፋችን ከሕጉ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ የሚችልበት ምክንያት አይታየንም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የቀረበው የቃላት ጉዳይ ለተርጓሚዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በክፍል ውስጥ «ኦቴሎ»ን የሚያስተምር መምህር ለተማሪዎቹ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «ማን አደረገው? በምን ልብ? የመውቀስ ሥልጣኑ የማን ነው? መልሱንስ ማን ሰጠ?» የሚሉትን ቢያቀርብ፣ የሚያስተምረው ድርሰቱን ብቻ ሳይሆን ማመዛዘንን ይሆናል። ተዋናዩም ኤሚሊያን ሲጫወት ሌባ ሴት አድርጎ ከማቅረብ ይልቅ ዝምታዋ የሚከብድባትን ሰዓት ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል።

ሐያሲውና በስብሰባ አዳራሽ የሰውን ሥራ የሚገመግመው ባለሥልጣን ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ኃላፊነት አለባቸው። የእነርሱ ቃል ከወረቀት ወጥቶ በሕያው ሰው ላይ ያርፋልና። የተሳሳተውን እንደ በደለ፣ የበደለውን እንደ ወንጀለኛ፣ ዋስ የሆነውን እንደ ባለጥፋት የሚፈርጅ ግምገማ ጥፋትን አያርምም። ኤደን ላይ የተቀመጠው ችሎት የአዛዡን ጥፋት ከረዳቱ ጥፋት ለይቶ አንዱን በእገዳ፣ ሌላውን በተግሣጽ አለፈ። ውሳኔው ቀላል ነበር ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል፤ መለየቱ ግን ተገቢ ነበር። እኛም ቃሉ በአፋችን ላይ ሲመጣ የትኛውን ጥያቄ እየመለስን እንደሆነ አስቀድመን እንጠይቅ።